ያሸተተ፦ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የነገሩኝ ዘበኛችን አቶ ሽፈራው ናቸው። ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቁስቋም ቀብር አለ» አሉኝ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ስምንት ወር ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ወሬ ነበር። ወደ ውስጥ ገብቼ ነጭ ጋውኔን ለበስኩና ምድጃው ፊት ቆምኩ። ከዚያ በጣቴ አንጓ ሁለቴ አንኳኳሁበት።

ምድጃ የሚያንኳኳ ሰው ከእሳቸው በፊት አይቼ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት አንድ ጠዋት የቤተ ሙከራውን ምድጃ ሊከፍቱ ሲሉ በሩን ሁለቴ ቆርቆር አደረጉት። ፊቴን አይተው፣ «ሰው ቤት ሲገባ አይንኳኳም እንዴ?» አሉኝ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ስላላወቅሁ አልሳቅሁም። እየዋልኩ እያደርኩ ሳየው ቀልድ አልነበረም። ለማንኳኳት ቆም ይላሉ፤ ቆም ሲሉ የሙቀት መለኪያውን አንድ ጊዜ ደግመው ያያሉ። በግራ ክንዳቸው ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ አራት የቃጠሎ ጠባሳዎች ነበሩባቸው። «እነዚህ ሳላንኳኳ የገባሁባቸው ቀኖች ናቸው» ይሉ ነበር።

የምንሠራበት ግቢ ከዊንጌት ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። ከቄራ ተረፈ ምርት ጋዝ ይመረትበታል። ጋዙ እንደወረደ ለማብሰያ አይሆንም፤ ከሚነደው ጋር የማይነድ ተቀላቅሎበታል። የእኛ ክፍል ሥራ ሁለቱን የሚለይ ስስ ፕላስቲክ መሥራት ነው፤ ሜምብሬን እንለዋለን። ከሽንኩርት ልጣጭ አይወፍርም። ፕላስቲኩን በኬሚካል እናሟሟለን፣ መስተዋት ላይ እንዘረጋለን፣ ሲደርቅ እንገፈዋለን። በዚህ ደረጃ ግን ምንም አይለይም፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ሁሉንም ያሳልፋል። ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሞቅ፣ በሙቀቱ ሲቆይ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው ቀዳዳዎቹ የሚጠብቡት። ያሟሟንበት ኬሚካልም ጨርሶ የሚወጣው ያኔ ነው። ኬሚካሉ ትንሽ እንኳ ከቀረበት ሜምብሬኑ ልል ይሆናል። ሲያዩት ምንም አይለይም። ጉዱ የሚታወቀው ግፊት ሲያርፍበት ነው።

ጋሽ ደምሴ ዲግሪ አልነበራቸውም። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በማድረቂያ ክፍል ሠርተው ነው ወደ እኛ የመጡት። እኔ በጥሩ ውጤት የተመረቅሁ ኬሚስት ነኝ። ቢሆንም በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሜምብሬን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ደህናው የቱ እንደሆነ ሲጠይቁኝ መለየት አቃተኝ። ብርሃን ላይ አየኋቸው፣ በማጉያ መነጽር አየኋቸው፤ አንድ ናቸው። «አላውቅም» ማለት አፈርኩና አንደኛውን ጠቆምኩ። የጠቆምኩትን አንስተው በሁለት ጣታቸው አጠፍ ሲያደርጉት እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ ብሎ ተሰበረ።

«ይኼ ገና እንደጋለ በር የተከፈተበት ነው» አሉኝ። «ያበላሸው እሳቱ አይደለም፤ ከእሳቱ አጣድፎ ያወጣው ሰው ነው። እሱስ ይሁን። አንቺ ግን ሳታውቂ ጠቆምሽ።»

ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከምድጃ የወጣን ሜምብሬን ያሸቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ከተነገሩን ነገሮች አንዱ ኬሚካል እንዳናሸት ነው። እምብዛም በማይሰማ ድምፅ ይህንኑ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ብለውሻል፣ ትክክለኛው መንገድ ኬሚካሉ ሲወጣ ክብደቱ መቀነሱን በሚዛን ማየት ነው አሉኝ፤ ግን ረቂቁ ሚዛን እኔ ከመቀጠሬ በፊት ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠብቃል። እስኪመጣ ያለን አፍንጫ ነው። ለዚሁ ሲባል በመዝገቡ ላይ በማስመሪያና በእስክሪብቶ ሁለት ዓምዶች ተጨምረዋል። አንደኛው «ሽታ»፣ ሁለተኛው «ያሸተተ» ይላል። ገጹን ከላይ እስከ ታች ብታዩት «ሽታ፦ የለም። ያሸተተ፦ ደምሴ» የሚል ነው። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ለማሽተት የራሳቸው ወግ ነበራቸው። መጀመሪያ ደጅ ወጥተው አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይቀጥፋሉ፣ በመዳፋቸው ያሹታል፣ በረጅሙ ይስቡታል። «አፍንጫዬን ላጥበው» ይላሉ። ከዚያ ገብተው ያንኳኳሉ፣ ይከፍታሉ፣ ሜምብሬኑን ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ወደ ፊታቸው ያስጠጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ኬሚካሉ ያልወጣለት የከረመ ዓሣ ይሸታል። «ይመለስ» ካሉ ተመልሶ ሌላ ሙሉ ቀን ምድጃ ውስጥ ይውላል።

«ይመለስ» ሲሉ የሚከራከራቸው የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ዮናስ ብቻ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚጠብቀው እንግዳ ግን አለ። አንድ ቀን የሥራችንን ወጪ የሚሸፍኑ ሰዎች ሊጎበኙን መጥተው ምድጃው ገና አልቀዘቀዘም። ጋሽ ደምሴ በርጩማ ስበው ጀርባቸውን ለምድጃው በር ሰጥተው ተቀመጡ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ለዛሬ ይለፍ» አለ ዶክተር።

«አልቀዘቀዘም።»

«ሰዎቹ በር ላይ ናቸው እኮ።»

«ይግቡ። ወንበር ስጧቸው። እኔም ተቀምጫለሁ።»

ዶክተር እየሳቀ ወጣ። ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ይለፍ ማለት አትልመጂ» አሉኝ። «ይለፍ ያልሽው ነገር አያልፍም። የሆነ ቦታ ቆሞ ይጠብቅሻል።»

የሙከራ ክፍሉን ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ጠባብ ናት፤ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ሜምብሬኑ በብረት ማቀፊያ ታስሮ ጥሬው ጋዝ በግፊት የሚለቀቅበት ቦታ ነው። በር ላይ አቁመውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ጥሬው ጋዝ የገማ እንቁላል ይሸታል። ከሸተተሽ ቶሎ ውጪ። ሲሸትሽ ቆይቶ ድንገት ከጠፋብሽ ደግሞ ጋዙ ሄደ ብለሽ እንዳትቆሚ። ጋዙ እዚያው ነው፤ የሄደው ያንቺ አፍንጫ ነው።» ጋዝ መኖሩን የሚናገር መለኪያ አለን። ውድ ዕቃ ስለሆነ እንዳይጠፋ ዶክተር ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉም በዶክተር ኪስ ይውላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያስገረመው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ያ ሐምሌ መጣ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ጋሽ ደምሴ ቅጠላቸውን አሽተው፣ አንኳኩተው፣ ከፍተው፣ ሜምብሬኑን አሽትተው «ንጹሕ ነው» አሉ። እኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ መዝገቡን ይዤ ቆሜያለሁ። የዓሣው ሽታ ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ብዕሬ «ሽታ» የሚለው ላይ ቆመ።

ብዕሬን አዩ። ከዚያ በሩን ዘጉት።

«ምን ሸተተሽ?»

ዓይኔን ሜምብሬኑ ላይ ጣልኩ። እሳቸውም በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ሁሉን ነገሩኝ። ከፋሲካ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ወጡ ጣዕም አጣባቸው፤ ጨው ረሳሽ እያሉ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን አስለቀሱ። ቀጥሎ የጧፉ ሽታ ጠፋ። የባሕር ዛፉን ቅጠል በየቀኑ የሚቀጥፉት ምናልባት ዛሬ ይመለስ እንደሆነ ብለው ነው። ሐኪሙ የኬሚካል ሥራ እንዲያቆሙ ነግሯቸዋል። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር፤ ከታወቀ መጋዘን እንደሚመድቧቸው ያውቃሉ።

«አፍንጫዬ ከሌለ እዚህ በር ከፋች ነኝ» አሉ። ዓይናቸው ምድጃው ላይ ነበር።

ለማንም እንዳልናገር አልለመኑኝም፣ ውሸት ጻፊም አላሉኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ያላወጣው አንድ ሕግ በመካከላችን ገባ። ሜምብሬኑን እንደ ቀድሞው ያሸታሉ፤ ከዚያ «እስቲ አንቺም ልመጂ» ብለው ያቀብሉኛል። ንጹሕ ከሆነ ወዲያው መጻፍ እጀምራለሁ። ካልሆነ ብዕሬ ይቆማል። እሳቸው ብዕሬን አይተው «ንጹሕ ነው» ወይም «ይመለስ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከሥር «ያሸተተ፦ ደምሴ» ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ሠራን፤ አንድም ሜምብሬን አልተበላሸብንም። ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቃት እንደ እኔ ያለች ሴት ሥራው ተመችቶኝ ነበር። አሁን ስጽፈው የሚያሳፍረኝ ይኸው መመቸቱ ነው።

በጥቅምት ጉንፋን ያዘኝ። አራተኛ ቀኑ ላይ እንግዶች የሚመጡበት ጠዋት ሆነ። ስገባ ጋሽ ደምሴን ደህና አደሩ ብዬ አለፍኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ደጅ ወጡ፤ ቅጠላቸውን አሽተው እንደ ቀልድ ወደ እኔ አስጠጉት። ሳብኩት። ምንም የለም። ውርጩ ብቻ ገባ። አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር በደጁ ሰው አልነበረም። ግን ዶክተር ከእንግዶቹ ጋር በኮሪደሩ እያወራ መጣና ሁላችንም ተያይዘን ገባን።

አንኳኩ። ከፈቱ። ምድጃው በወጉ ቀዝቅዟል። ሜምብሬኑን አሽትተው ለእኔ አቀበሉኝ።

«እህ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ንጹሕ ነው?» አለ ዶክተር። ከኋላው አራት ሰዎች ቆመው ያዩናል።

አሸተትኩት። ምንም አልሸተተኝም። ንጹሕ ሆኖም ምንም አይሸትም፤ አፍንጫ ተዘግቶም ምንም አይሸትም። ብዕሬ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆም «ይመለስ» ይላሉ፤ ዶክተር ይነጫነጫል፤ እንግዶቹ በሌላ ቀን ይመጣሉ፤ ሌላ የሚሆን ነገር አልነበረም። ግን ዶክተር ለምን ብሎ እኔን ቢጠይቀኝስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን እላለሁ? ብዕሬ ጻፈ። «ሽታ፦ የለም።»

ጋሽ ደምሴ ብዕሬን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ንጹሕ ነው» አሉ።

እንግዶቹ ክፍሏ ስለማትበቃቸው ግቢው ውስጥ ሆነው ጠበቁ። እሳቸው ሜምብሬኑን ማቀፊያው ውስጥ አስረው ጋዙን ለቀቁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የግፊቱ መለኪያ መርፌ ቀስ እያለ ወጣ። ዶክተር ከውጭ ሲያስረዳ፣ አንዱ እንግዳ ሲስቅ ይሰማኛል። ጋሽ ደምሴ መርፌውን እያዩ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን አሹ። አንዴ፣ ሁለቴ። የእኔም ዓይን መቆጥቆጥ ጀመረ፤ ከጉንፋኑ መሰለኝ። ከዚያ መርፌው ወደቀ።

ሜምብሬኑ እንደ ረጠበ ወረቀት ተቀድዶ ነበር። ጥሬው ጋዝ የተጣራው በሚወጣበት የጎን ቧንቧ በኩል ወደ ክፍሏ ይገባል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፣ የሚያሸት አፍንጫ ግን ከሁለታችንም የለም።

ዞር ብለው «ውጪ» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ፈዝዤ ስቀር በመዳፋቸው ትከሻዬን ገፍተው አስወጡኝና ጋዙን ለመዝጋት ተመለሱ። ወዲያው ሩቅ በር ላይ ያሉት አቶ ሽፈራው፣ «ኧረ ምንድን ነው የሚገማው?» እያሉ ሲሮጡ አየኋቸው። ዶክተር ወደ ቢሮው ሮጠ፤ መለኪያውን ሊያመጣ ነው። ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ ቁልፉን በየኪሱ ሲፈልግ በመስኮት ይታየኛል። አቶ ሽፈራው ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ገቡ። ጋሽ ደምሴን በብብታቸው ይዘው እየጎተቱ አወጧቸው። ከጋዙ መዝጊያ ሥር ተቀምጠው ነው ያገኟቸው። መዝጊያው እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ነበር።

አልሞቱም። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሲወጡ እግራቸው ይጎተታል፣ ሰው ይረሳሉ፣ ጥቂት ሲያወሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጉዳዩን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች መዝገቡን ይዘው ሆስፒታል ሄደው ጠየቋቸው። እሳቸውም አልጋ ላይ ሆነው፣ «ያሸተትኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ጸሐፊ ናት» አሉ። እኔን የጠየቁኝ ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ብቻ ነበር። «አዎ» አልኩ። በዚያ ሁሉ ማጣራት ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ጥፋቱ የእሳቸው ተብሎ ተጻፈና ፋይሉ ተዘጋ። መለኪያው ከቢሮው ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እንዳይሰረቅ የብረት ሳጥን ተበጀለት። ሳጥኑ ቁልፍ አለው። የሚዛኑ መለዋወጫ እስካሁን አልመጣም። በመዝገቡ ላይ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው፤ አሁን «ያሸተተ፦ ማህሌት» ይላል።

ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ቁስቋም ዳገት ወጥቻለሁ። ሁለቴም ከቆርቆሮ በራቸው ፊት ቆሜ፣ ማንኳኳት አቅቶኝ ተመለስኩ።

ድንኳኑ ውስጥ የገባሁት ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ጥግ ላይ ለመቀመጥ ስል እትዬ አስካለ ከፍራሹ ላይ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ፊቴን አዩት።

«ማህሌት አንቺ ነሽ? ብዕሯን የምትይዘው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አንገቴን ደፍቼ እንባዬ ጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ሁሉን ይረሳ ነበር። የልጁ ስም እንኳ ይጠፋው ነበር። ያን ቀን ግን አልረሳውም። ጉንፋን ይዟት ነበር ይለኛል፤ ደህና አደሩ ስትለኝ አውቄያለሁ ይለኛል። ታዲያ እያወቅህ ለምን አልመለስከውም ብለው...» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «አንድ ቀን ነው፣ ይለፍ ብዬ ነው አለኝ።»

ሁለት ዓመት ከእሳቸው ጋር ስሠራ ያችን ቃል ስለ ራሳቸው ሥራ ሲናገሯት ሰምቼ አላውቅም። የእኔን ዝምታ ሳያውቁ የተሸከሙልኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እያወቁ ነው። ለካ ያን ቀን ሁለታችንም እውነቱን ይዘን፣ አንዳችን የሌላውን ፊት እያየን፣ በሰው ፊት ዝም ተባብለናል።

«ቅር አልተሰኘብሽም» አሉኝ እትዬ አስካለ። ቅር ተሰኝተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሰኔ ገብቶ ጉሙ እንደገና ከእንጦጦ ወርዷል። ምድጃው ውስጥ ሐሙስ የገባ ሜምብሬን ነበር፤ ዶክተርም እንግዶች ይዟል። ስታለቅስ የከረመች ሴት አፍንጫ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ደጅ ወጥቼ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጠፍኩ፤ በመዳፌ አሸሁት፤ ሳብኩት። ምንም የለም።

ገባሁ። አንኳኳሁ። ከፈትኩ። ሜምብሬኑን ጠርዝ ጠርዙን ይዤ አሸተትኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። መዝገቡን ገልጬ ብዕሬን አነሣሁ።

«እህ፣ ማህሌት፣ ንጹሕ ነው?» አለ ዶክተር።

ብዕሬ «ሽታ» የሚለው ላይ ቆመ። ሦስት እንግዶች ያዩኛል። የሙከራ ክፍሏ በር ከዶክተር ጀርባ ገርበብ ብሎ ይታየኛል። ብዕሬን አስቀመጥኩት።

«አላውቅም ዶክተር» አልኩ። «አፍንጫዬ ተዘግቷል። ያን ቀንም ተዘግቶ ነበር።»